በመልቴሚ ቀን የፈሰሰ ውሃ

ከምሳ በኋላ ጀምሮ አንድ የመስኮት መዝጊያ ይጋጭ ነበር። ጧ! ይልና ዝም፤ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርግ ሲል ደግሞ ጧ!

ኢንስፔክተር ዩራኒያ ስኮርዲሊ ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ጋደም ብላ የመዝጊያውን ባለቤት ከነዘር ማንዘሩ ትራገማለች። የነሐሴው ሰሜን ነፋስ፣ ደሴተኛው መልቴሚ የሚለው፣ መንፈስ ከጀመረ ሳምንት ሊሞላው ነው። ሰው ሁሉ ነገር ነገር ብሎታል። ባል ከሚስቱ፣ ዓሣ አጥማጁ ከመረቡ፣ ቄሱ ከደወሉ ገመድ ጋር ሳይቀር ተጣልቷል። በካላሚ መንደር ደግሞ ከምሳ በኋላ ባለው የእንቅልፍ ሰዓት ድምፅ ከሚያሰማ ጎረቤት ሌባ ይሻላል።

«በስመ አብ! ይሄ ቤት መንጠቆ የለውም?» አለችና ትራሷን ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

የማን ቤት እንደሆነ ያወቀችው አመሻሹ ላይ፣ ሃምሳ አለቃ ኔክታሪዮስ በሩን ሳያንኳኳ ሲገባ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ይነሱ። ያ ሆቴል መራጭ ሞቷል።»

«የት?»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን በእጁ አሽከረከረና «እማማ ዛምቤታ ዘንድ» አለ፤ ዓይኑንም ሰበረ። እማማ ዛምቤታ የዩራኒያ የክርስትና እናት መሆናቸውን በደሴቱ የማያውቅ የለም።

ሟቹ ፎቲስ ቫርዳስ ይባላል። በሳምንቱ መጀመሪያ ከአቴንስ የመጣ ሰው ነው። አንድ ትልቅ የጉዞ ድርጅት ልኮት፣ በካላሚ ባሕር ዳርቻ ከተደረደሩት ሦስት ሆቴሎች አንዱን ሊመርጥ። ከሚመጣው በጋ ጀምሮ የድርጅቱ እንግዶች ሁሉ ወደ ተመረጠው ሆቴል ይጎርፋሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ዝንብ እሽ ሲሉ ይከርማሉ። ፎቲስ በሦስቱም አንዳንድ ሌሊት አደረ። አልጋውን ተጫነ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ አሸዋውን በባዶ እግሩ ረገጠ፤ ፊቱን ግን ማንም ሊያነበው አልቻለም። ዛሬ ማታ የአንዱ ሆቴል ባለቤት በሆኑት በእማማ ዛምቤታ ግቢ፣ ሦስቱ ባለቤቶች በተጠሩበት እራት ላይ ምርጫውን ሊናገር ነበር። ቀኑን ሙሉ በዳርቻው ላይ አርፎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ዩራኒያ ስትደርስ ፎቲስ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ እግሮቹ ገጥመዋል። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ግራ እጁ ግን ከአልጋው ወጥቶ ወደ ኮመዲኖው ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ አጠገብ የሸክላው ጆግ በጎኑ ወድቋል። ትራሱ ላይ አስመልሶታል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አሸዋው እስከ አልጋው እግር ድረስ ገብቷል፣ መዝጊያውም ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ጧ!

«አንተ ነህ እንዴ» አለችው ዩራኒያ መዝጊያውን በልቧ።

የደሴቱ ሐኪም ዶክተር ሚርቶ ጎንበስ ብላ ሟቹን ትመረምራለች። እማማ ዛምቤታ በሩ ላይ ቆመው መቀነታቸውን ያጥብቃሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ያጥብቃሉ።

«እማማ፣ እንዴት አገኙት?»

«ምሳውን በልቶ ልተኛ አለኝ። ውሃ በጆግ አመጣሁለት፣ ጽጌረዳ ቆርጬ አበባ ማስቀመጫው ውስጥ አደረግኩለት። ከዚያ የነገውን የእመቤታችንን በዓል ሥዕል ልናስጌጥ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ባንኳኳ አይመልስም። ከፍቼ ገባሁ። ወይኔ ልጄ! ዓይኑን ከድኜለት፣ ውሃውን ላፈስ ስሄድ ጆጉ ባዶ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ኔክታሪዮስ ጆሮው ቆመ። «ውሃ ላፈስ? ለምን?»

«ሰው የሞተበት ቤት ውሃ ሁሉ ይፈሳላ! የሞት መልአክ ሰይፉን ያጠበበትን ልትጠጣው ኖሯል? መስኮትም ይከፈታል፣ ነፍስ እንድትወጣ። እናትህ ይሄን አላስተማረችህም?»

«እናቴ የጥርስ ሐኪም ናት፣ እማማ።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

እማማ ዛምቤታ ይህን እያሉ ወደ መስኮቱ ሄዱና እጃቸው ሳያስበው የመዝጊያውን መንጠቆ ግድግዳው ላይ ካለው ቀለበት ውስጥ ሰካው። ጫጫታው ፀጥ አለ። ሃምሳ አለቃው «አይንኩ!» ብሎ ጮኸ፤ ዩራኒያ ግን ያቺን የእጅ ልማድ ልብ አለች።

ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ዞር ዞር አለች። ጆጉ የወደቀበትን ምንጣፍ በመዳፏ ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ጣቷን ወደ ጆጉ ሰደደች፤ እሱም ደረቅ። ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቅጠላቸው ተጨማዷል፤ ማስቀመጫቸው ውስጥ ጠብታ የለም። መታጠቢያ ቤት ገባች። በነሐሴ የቧንቧ ውሃ ስለሚጠፋ በደሴቱ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ባልዲ ውሃ ይቀመጣል። ባልዲው ተደፍቷል።

«ባልዲውንም?» አሉ እማማ ዛምቤታ ከኋላዋ። «ጠዋት እኮ ጢም አድርጌ ሞልቼዋለሁ!»

መታጠቢያ ቤቱ ከክፍሉ በአንዲት የእብነ በረድ ደረጃ ከፍ ይላል። ከደረጃዋ ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የደረቀ ደም አለች። ዩራኒያ ሐኪሟን በጣቷ ጠራቻት።

ግቢው ውስጥ ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጠጋት። «ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውየው አልመረጥኩዎትም ብሏቸዋል። ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር ጨመሩበት፣ ጠጣ፣ አስመለሰው፣ ሞተ። ሲመለሱ ደግሞ የተረፈውን ደፉት። ላፈስ ነበር ብለው በአፋቸው ተናግረዋል። ለዐቃቤ ሕጉም ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሳትነግረኝ?»

«የክርስትና እናትዎ ስለሆኑ… ነገ ሰው እንዳያማዎት ብዬ ነው።»

ስልኳ ጮኸ። ዐቃቤ ሕጉ ነበር፤ ከዋናው ደሴት፣ አፉ ውስጥ የሚታኘክ ነገር እንዳለ። «ኢንስፔክተር፣ ዝምድናሽን ሰምቻለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ መርከቧ ትደርሳለች። በእርግጠኛነት ሌላ ሰው ካላቀረብሽልኝ አሮጊቷን በመርከቧ አሳፍሪልኝ፣ መዝገቡም ወደ እኔ ይምጣ።»

ዩራኒያ ወደ ባሕሩ ተመለከተች። ማዕበሉ ነጭ አረፋ ያንከባልላል፣ መርከቧ ገና አትታይም። እማማ ዛምቤታ በፖሊስ ተይዘው መርከብ ላይ ከወጡ፣ ንጹሕ ሆነው ቢመለሱ እንኳ ስማቸው አብሯቸው አይመለስም። ከባላቸው ሞት በኋላ በገዛ እጃቸው ኖራ እየቀቡ ያቆሙት ቤት ያበቃለታል። መርከቧ በዚህ ነፋስ ምክንያት ብትቀር ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች።

በመጀመሪያ የሄደችው ቤተ ክርስቲያን ነው። የቄሱ ሚስት ከሥዕሉ ዙሪያ አበባ እየሰካች መለሰችላት።

«ዛምቤታማ ምሳዋን እንደበላች መጥታ እስከ አመሻሹ አብራን ነበረች። ያ መዝጊያ ሲጋጭ ሰምታ ‹የማን ዝርክርክ ቤት ነው?› እያለች ስትስቅ ነበር፣ ምስኪን።»

«መጋጨት ሲጀምር እዚህ ነበሩ ማለት ነው?»

«እዚችው፣ ከጎኔ። ሻማ ልትሰጠኝ ስትል ደንግጣ ጣለችው።»

ሁለተኛው ሆቴል፣ የማንቶስ፣ ከዳርቻው በስተምሥራቅ ጫፍ ነው፤ አዲስ፣ ነጭ፣ ባለ መዋኛ። ማንቶስ ከዩራኒያ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ያኔም መልስ ከእሷ ይገለብጥ የነበረ ሰው ነው። የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከገንዳው ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ተቀመጥ እንጂ ማንቶስ፣ አዞርከኝ።»

«ምን መቀመጥ አለ! እንግዶቼ ሰው ሞተ ብለው ሻንጣ ሊይዙ ነው። አሮጊቷ አበደች እንዴ?»

«እሳቸው ናቸው ያለህ ማን ነው?»

«ሃምሳ አለቃሽ ለዳቦ ጋጋሪው ነግሮት።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ተኝቼ።» ይህን ሲል የመጠጥ ቤቱ በር በነፋሱ ተወረወረ፤ ማንቶስ ዞር ሳይል፣ ንግግሩንም ሳያቋርጥ፣ በእግሩ ገታ አድርጎ በእጁ መንጠቆውን አስገባ። «ማን ይተኛል በዚያ ጧ ጧ! ሽጉጥ ቢኖረኝ ተኩሼበት ነበር።»

«ቅድም ኮፍያህን እማማ ዛምቤታ አጥር ላይ ተሰክቶ አይቼዋለሁ። እዚያ ምን ይሠራል?»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። ማንቶስ ራሱን ዳሰሰ። «ከምሳ በፊት ሄጄ ነበር። አንድ ጠርሙስ ወይን ይዤለት። ወንጀል ነው?»

«ምን አለህ?»

«ተይኝ ዩራኒያ።»

«ማንቶስ!»

«ጠርሙሱን መለሰልኝ። በቃሽ? ‹በሙዚቃህ ምክንያት ዓይኔ ሳይከደን ነጋ› አለኝ። ለሰው እንዳትናገሪ፣ ሚስቴ ትገድለኛለች።»

ዩራኒያ ልትሄድ ተነሥታ ቆም አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው ክረምት እናትህ ሲያርፉ የቤቱን ውሃ አፍስሰሃል?»

«አንቺም ከሴቶቹ ጋር ሆንሽብኝ? የታሸገ ውሃ ነው የምንጠጣው፣ ምኑን ላፍሰው! መስኮትም አልከፈትኩም፣ አየር ማቀዝቀዣ አለ። እስከዛሬ ያሙኛል።» ፊቱን አዞረ። «ያን ጊዜ አንድም ነገር ትዝ አላለኝም፣ እናቴ ነበረች የሞተችው።»

ሦስተኛው ሆቴል በምዕራቡ ጫፍ፣ ድንጋዩ ላይ ነው። «ስታማቲስ» ይባላል፤ ባለቤቱ ፋኒስ ያወጣው የአባቱን ስም ነው። ፋኒስ ሜልበርን ተወልዶ፣ አያቱ ጉያ ሥር ያደገ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ባለፈው መኸር መጥቶ ቀዝቃዛውን ወራት ሆቴሉን ሲሠራ ከረመ፤ በደሴቱ ነሐሴን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። የካላሚ ሰው «አያቴ» እያለ ይቀልድበታል፤ አነጋገሩ በደሴቱ ላይ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አነጋገር ነውና። በየጸሎት ቤቱ ደጃፍ ያማትባል፣ ሕፃን ሲያሞግስ ዓይን እንዳይበላው እንትፍ እንትፍ ይላል። ሽማግሌዎቹ ይወዱታል። ወጣቶቹ ግን ሙዚየም ሲሉት አይሰለቻቸውም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ እመቤት» አለ ፋኒስ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ እየነሣ። «ለሟቹ ነፍስ ይማር። ምን ላቅርብልዎ?»

«ምንም። ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ከደጄ፣ ጥላዎቼን ስለቅም።» ወደ ዳርቻው ጠቆመ። ከፀሐይ ጥላዎቹ ግማሾቹ አጥንታቸው ተሰብሮ አሸዋው ላይ ተኝተዋል፣ አንዱ ባሕሩ ላይ ይንሳፈፋል። በረንዳው በሙሉ መስታወት ነው፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ሰጥቶ ተሠርቷል፤ ነፋሱ በስንጥቁ ውስጥ ያፏጫል።

«ሠራተኞቹ ወደ ሰሜን አታዙረው አላሉህም?»

«ብለውኛል። ግን የአባቴ ቤት የነበረው ወደ ሰሜን ዞሮ ነው፣ እንደዚያ ብሎ ነው የነገረኝ። ነፋሱን ግን… ነፋሱን አልነገረኝም። ያኔ ልጅ ነበር።» በር ተወረወረ። ፋኒስ ደንግጦ ዘለለ፣ ሮጦ በሩን በወንበር ደገፈው፤ ወንበሩ ወደቀ፣ በሩ ተመልሶ ጮኸ። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ቀለበቱና መንጠቆው ተንጠልጥለዋል።

ዩራኒያ መንጠቆውን አየችው፤ ፋኒስንም አየችው።

«አባትህ ይመጣሉ ሲባል ሰማሁ።»

ፊቱ በራ፣ ወዲያውም ጠቆረ። «በመስከረም። ደክሟል። ስሙ የተጻፈበት ቤት በሰው ተሞልቶ ሳያይ እንዳይሞት ብዬ… ይመረጣል ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ።»

ስትወጣ ዶክተር ሚርቶ መንገድ ላይ አገኘቻት፤ ፀጉሯን ነፋሱ ፊቷ ላይ በትኖታል። ሁለቱ ከአንድ ግንብ ሥር ተጠልለው አወሩ። ሐኪሟ ተናግራ ስትጨርስ ዩራኒያ ክንዷን ያዘቻት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሬሳ አያስመልስም፣ ኢንስፔክተር።»

ከባሕሩ ጫፍ የመርከቧ ጭስ ታየ።

ለእራቱ የተሰናዳው ጠረጴዛ በእማማ ዛምቤታ ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር እንዳለ ነው። የጠረጴዛው ልብስ እንዳይበር በድንጋይ ተይዟል። ማንቶስ፣ ፋኒስ፣ ሐኪሟና ሃምሳ አለቃው ተቀምጠዋል። እማማ ዛምቤታ ጥቁር ለብሰው፣ ትንሽ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው በጠረጴዛው ጫፍ ናቸው። ለመርከቡ ጉዞ ራሳቸው ነበሩ ያሰናዱት።

«ሃምሳ አለቃ» አለች ቆማ፣ «እስቲ ስለ መርዙ የነገርከኝን ድገምልኝ።»

«ከጆጉ ጠጣ፣ ሞተ፣ እማማ ውሃውን ደፉ።»

«መርዝ የሚደብቅ ሰው ጆጉን ይደፋል፣ ጥሩ። የአበባውን ውሃስ? የመታጠቢያ ቤቱን ባልዲስ? በነሐሴ፣ በዚህ ደሴት፣ አንድ ባልዲ ውሃ በከንቱ የሚደፋ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«እ… አላውቅም።»

«ስለዚህ ውሃው የፈሰሰው መርዝ ስላለበት አይደለም፣ ሰው ስለሞተ ነው። ነፍስ እንድትወጣም መስኮት ተከፈተ። እማማ እንዳሉት።»

«እንግዲህ እሳቸው ናቸዋ!» አለ ማንቶስ።

«ቆይ ማንቶስ፣ ዛሬ እንኳ መልስ አትገልብጥ። እማማ ቤት ገብተው ሲጮኹ እኛ ወዲያው ደረስን። ጽጌረዳዎቹ ግን ያኔ ጠውልገው አንገታቸውን ደፍተው ነበር፣ ጆጉም ውስጡ ደርቆ ነበር። ውሃው የተደፋው ከረጅም ሰዓት በፊት ነው። መቼ? ይሄንንማ ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል። መስኮቱ ሲከፈት መዝጊያው መጋጨት ጀመረ። ያን ጊዜ እማማ ከቄሱ ሚስት አጠገብ ሻማ ይዘው ቆመው ነበር።»

እማማ ዛምቤታ አማተቡ። «የኔው ቤት ኖሯል! እኔ ደግሞ ስስቅ!»

«አዎ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ» አለች ዩራኒያ። «እማማ መስኮት ሲከፍቱ እጃቸው ራሱ መንጠቆውን ይሰካል። ዛሬ ሬሳ አጠገብ ቆመው እንኳ ሰክተውታል። ማንቶስም እንደዚያው ነው፣ ዞሮ ሳያይ ይሰካዋል። እዚህ ነሐሴን ያሳለፈ ሰው ሁሉ እጁ ያውቀዋል። ማንቶስ ደግሞ ለገዛ እናቱም ውሃ አላፈሰሰም፤ ይቅርታ ማንቶስ።»

ማንቶስ የመኪና ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እንግዲህ እዚያ ክፍል የገባው ሰው የደሴታችንን ሙታን ያውቃል፣ ነፋሳችንን ግን አያውቅም። አያቱ ለሞተ ሰው የሚደረገውን ሁሉ አስተምራዋለች፤ መንጠቆውን ግን አላስተማረችውም። ሜልበርን መልቴሚ የለማ።»

ሰው ሁሉ ወደ ፋኒስ ዞረ። ፋኒስ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል።

«ፎቲስ ሥራውን ጨርሶ ነበር» አለች ዩራኒያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሦስቱም ቤት አድሯል። ዛሬ ግን ምንም ግዴታ ሳይኖርበት፣ ለእንቅልፍ ብቻ የመጣው እዚህ ነው። ሆቴል የሚመርጥ ሰው ሲደክመው የሚሄድበት ቤት የመረጠው ቤት ነው። አንተም ሄደህ ጠየቅከው፣ አይደል ፋኒስ?»

ነፋሱ የጠረጴዛውን ልብስ አርገበገበው። ፋኒስ ሲናገር ያ ጨዋ አነጋገሩ እንኳ አልተለየውም።

«ለመንኩት፣ እመቤቴ። የአባቴን ነገር ነገርኩት። ‹ቤትህ ያምራል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ እዚህ አሮጊቷ ዘንድ በሩ ይንቋቋል፣ ግን ተኛሁ› አለኝ። ተንበርክኬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ‹እንደ ሟች አያቴ ነው የምታወራው› አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ። ከዚያች ደረጃ ጋር ተጋጨ።»

«ከዚያስ?»

«ትንፋሹን በጉንጬ ፈለግኩት፣ አጣሁት። ተሸክሜ አልጋው ላይ አስተኛሁት። እጁን ደረቱ ላይ አጣመርኩለት፣ ሸሚዙን ቆለፍኩለት። መስኮት ከፈትኩ፣ ውሃውን ደፋሁ። ሐኪም ለሞተ ሰው ምን ያደርጋል? ለሞተ ሰው የሚደረገውን አደረግኩለት።»

«እኔስ?» እማማ ዛምቤታ ብድግ አሉ፤ ቦርሳቸው ወደቀ። «እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ መርከብ ላይ ሊጭኑኝ ሲሉ ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር?»

«ፈራሁ፣ እማማ። አፌ እምቢ አለኝ።»

ዶክተር ሚርቶ ወደ ዩራኒያ አየች። ዩራኒያ ይህን ነገር ላለመናገር መንገዱን ሁሉ ስታስብ ነው የመጣችው። ነገር ግን ነገ ፍርድ ቤት ውስጥ ከማያውቀው ሰው አፍ ከሚሰማው፣ እዚህ ቢሰማው ይሻላል ብላ ወሰነች።

«ፋኒስ» አለችው። «እጁን ደረቱ ላይ አጣምረህለት ነበር። እኛ ስናገኘው ግን አንዱ እጁ ወደ ኮመዲኖው ተዘርግቶ ነበር። ትራሱም ላይ አስመልሶት ነበር።»

ፋኒስ ግራ ተጋብቶ ተመለከታት። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«አልሞተም ነበር» አለች ሐኪሟ። «ራሱን ስቶ ነበር። ምናልባት አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ብጠራ ኖሮ… ላድነው እችል ነበር መሰለኝ።»

«ነቅቶ ነበር?» አለ ፋኒስ፤ ድምፁ አይሰማም። «እጁን… ወደ ጆጉ?»

«አዎ» አለች ዩራኒያ።

«ውሃ ሊጠጣ?»

ፋኒስ ግንባሩን በጠረጴዛው ላይ ደፋና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማንቶስ ሳያስበው እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈ፤ ሃምሳ አለቃ ኔክታሪዮስ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

የመርከቧ ፊሽካ ከወደቡ ተሰማ። በማዕበሉ ብዛት ልትጠጋ እየታገለች ነበር። ዩራኒያ ሳታስረው፣ በክንዱ ደግፋ አስነሣችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ፋኒስ ቆመ።

«አባቴ በመስከረም ይመጣል» አለ። «ማንም የለውም። የኔም ቤት ይዘጋል። የት ያድራል?»

ይህን ማንን እንደጠየቀ አይታወቅም። እማማ ዛምቤታ የወደቀውን ቦርሳቸውን ከመሬት አንሥተው አሸዋውን አራገፉ፤ ፊታቸው ገና በቁጣ ቀልቷል፣ እንባቸውም ይወርዳል።

«ስታማቲስን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ሆነን ከዚያ ድንጋይ ላይ አብረን ነበር የምንዘልለው። መርከቧ ላይ ሄጄ እቀበለዋለሁ። የሆነውንም እኔው እነግረዋለሁ፣ ከሌላ ሰው አይሰማም። አልጋ አለኝ።»

ፋኒስ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። አልሰጡትም፤ ግን ራሱን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት፣ «ሂድ አሁን» አሉት።

አስከሬኑ ተነሥቶ ሰው ሁሉ ወደ ወደቡ ሲወርድ እማማ ዛምቤታ ወደ ክፍሉ ተመለሱ። ወለሉን ከአሸዋው ጠረጉ፣ ባልዲውን አቆሙ። ጆጉን ይዘው ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ጉድጓድ እስከ አፉ ሞሉትና ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡት። ሊወጡ ሲሉ ተመልሰው የመስኮቱን መንጠቆ ነካ ነካ አደረጉት። ጥብቅ ብሏል።